ሹመት ያዳብር

እንኳን ደስ ያለዎት። ትናንት ማታ ቴሌግራም ሲከፍቱ ከስምዎ ጎን «አድሚን» ተብሎ ተጽፎ አገኙት። ነጋሪት አልተጎሰመም፣ ካባ አልተደረበልዎትም፣ ፈቃደኛ መሆንዎን የጠየቀም የለም። ለምን እርስዎ እንደተመረጡ አይመርምሩ። አድሚን የሚሾመው ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኦንላይን ሆኖ ስለተገኘ ነው፤ አልፎ አልፎም ያልተገደበ ፓኬጅ ያለው ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የሆነው ሆኖ አሁን በብዙ ሺህ የአርሴናል ደጋፊ ላይ ተሹመዋል። ሹመት ያዳብር!

ሹመቱን አይናቁት። በአገራችን አንድን ሰው ከአንድ ቦታ ለማስወጣት ማስጠንቀቂያ፣ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ይግባኝ፣ ቢያንስ ቢያንስ ደግሞ ሁለት ጊዜ «ነገ ተመለስ» መባል ያስፈልጋል። እርስዎ ግን የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጅዎ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት የሐዋሳውን ተማሪ፣ የዱባይዋን እኅትና የዋሽንግተኑን ሾፌር በተራ ማባረር ይችላሉ። ይህን ያህል ሥልጣን ለሰው ልጅ ሲሰጥ ምክር ማስከተል የቆየ ወግ ስለሆነ፣ እኔም የድርሻዬን እነሆ። ምክሬ የተሰናዳው ለአርሴናል ግሩፕ ነው። የማንቼና የሊቨርፑል ግሩፕ አድሚኖች ስም እየለወጡ ሊገለገሉበት ይችላሉ። ለቼልሲዎች ግን ምክሩን አንብበው ሳይጨርሱ አሠልጣኝ ሊቀየርባቸው ስለሚችል ዋስትና አልሰጥም።

ከሁሉ በፊት ሕጉን ያንብቡ። አዎ፣ ሕግ አለ፤ ከላይ ፒን ተደርጎ ዓመታት አስቆጥሯል። ሃያ ምናምን ተራ ቁጥር አለው። አንዱ ላይ «መሳደብ ክልክል ነው» ይላል፣ ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ደግሞ «መሳደብ በጥብቅ ክልክል ነው» ይላል። የመጀመሪያው ላላ ያለውን ስድብ እንደሚፈቅድ የሚከራከሩ አባላት አሉ። መጨረሻው «አድሚን ያለው ይጸናል» ነው። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ቢኖር ከሌላ ግሩፕ ኮፒ ያደረገው ሰው ብቻ ይሆናል ብለው ያስቡ ይሆናል፤ እሱም አላነበበውም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ እስከ ዛሬ «ውድ የማንቼ ቤተሰቦች» ይላል።

ይህን ይሻሩና በስልክ መስታወት ላይ ወደ ታች ሳይገፋ የሚነበብ ሕግ ይጻፉ። «ሥነ ሥርዓት ይኑራችሁ» የሚለውን ያውጡት፤ እሱን እናቶቻችን ከበር ስንወጣ ብለውናል። ሰው ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚደርስበት ይወቅ። የሰው ቤተሰብ፣ ብሔር ወይም ሃይማኖት የነካ መልእክቱ ይጠፋል፣ ለአንድ ሳምንት አይጽፍም፤ ከደገመ ይወጣል። የውርርድ ማስታወቂያ የለጠፈ ያኔውኑ ይወጣል። ሌላው ጥፋት ሁሉ መጀመሪያ በኢንቦክስ ይነገራል። ቴሌግራም ራሱ እገዳን ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር አድርጎ ያቀርብልዎታል፤ ካልመረጡ ግን ለዘላለም ያደርገዋል። ዘላለም ለአንድ ቀሽም ስቲከር ትንሽ ይበዛል።

አሁን ወደ ከባዱ ሥራዎ እንምጣ፤ ብሽሽቅንና ስድብን መለየት።

ብሽሽቅን ፈጽሞ እከለክላለሁ ብለው የሚነሱ ቅን አድሚኖች አጋጥመውኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግሩፓቸው የውጤት ሰንጠረዥና «መልካም ልደት» ብቻ ይቀረዋል፤ ሕዝቡ ጎን ለጎን ሌላ ግሩፕ ከፍቶ እዚያ ይበሻሸቃል፣ ዋናው መበሻሸቂያም እነሱ ይሆናሉ። አያቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ በግጥም ይሟገቱ ነበር፤ ቃሉ የሰላ ተሟጋችም ችሎቱን ለማየት በመጣው ሰው ዘንድ ይደነቅ ነበር። የዚህ ሕዝብ ልጅ ቅዳሜ ማታ ሦስት ጎል ገብቶበት ዝም እንዲል መጠበቅ ታሪክን መካድ ነው።

በእያንዳንዱ የአርሴናል ግሩፕ ውስጥ አንድ የማንቼ ደጋፊ አለ። ለምን እንደገባ አይታወቅም። አይወጣም፣ አይተኛም፣ ካርድም አይመዘዝበትም። በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ አንድ ምስል ይለጥፋል፤ ኦልድ ትራፎርድ፣ ኦገስት 28 ቀን 2011፣ 8ለ2። ከሥሩ ምንም አይጽፍም። ወዲያው ኢንቦክስዎ ይጥለቀለቃል። «አድሚን የት አለ?» «ይሄን ሰው እስከ መቼ ነው የምንታገሠው?» «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ!» ይህን የመጨረሻውን የሚለው ሰው በአራት ዓመት ውስጥ ወጥቶ አያውቅም።

እንዴት ይፈርዳሉ? አገር የሚያውቀው ውጤት ስድብ ሊሆን አይችልም። 8ለ2ን ካጠፉ፣ በየማርቹ የራስዎ ሰዎች የሚያዞሩትን የሊቨርፑልና የማንቼን 7ለ0 ማጥፋት ይኖርብዎታል። ማንቼ የ2024/25ን ውድድር 15ኛ ሆኖ የጨረሰበትን ሰንጠረዥ ፕሮፋይል ያደረጉትን ሁሉ ፎቶ ማስቀየርም ይከተላል። ሚዛኑ እንዲህ ነው፤ መልእክቱን ይገልብጡት። የክለቦቹን ስም ቦታ ለዋውጠው ድጋሚ ያንብቡ። ተገልብጦ የሚያስቅዎት ከሆነ ሳይገለበጥም ይቆይ። ተገልብጦም አንጀት የሚያቆስል ከሆነ፣ ማለትም የልጁን እናት፣ የመጣበትን አካባቢ ወይም የአካል ጉዳቱን የሚያነሳ ከሆነ፣ ክለቡ ሰበብ ነውና ያጥፉት። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ያው የ8ለ2 ምስል አንድ አባል «አባቴ ዐረፉ» ብሎ በጻፈው መልእክት ሥር ከተለጠፈ የመገልበጡን ሚዛን እዚያው ትተው ሰውየውን ለሳምንት ያሳርፉት። ምስሉ ያው ነው፤ ቦታው ግን የለቅሶ ቤት ነው።

ከመፍረድዎ በፊት ደግሞ ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር እየተነጋገሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ይህን በቀልድ የምለው እንዳይመስልዎት። አንዱ «2003ን የመሰለ ዘመን አርሴ አይቶ አያውቅም» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «2003 ብለህ አፍህን ሞልተህ ታወራለህ? ትንሽ አታፍርም?» ይለዋል። ሃምሳ መልእክት ይለዋወጣሉ፣ በሃምሳ አንደኛው እናት ትነሳለች። አንደኛው የሚያወራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ስለተጀመረው ውድድር ነው፤ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የለም። ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው የያዘው፤ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ማለት ደግሞ ያው ኦገስት 28 ቀን 2011፣ ያው 8ለ2 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም አሁን ለሳምንት ታግደዋል።

የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ ለአዲስ አበባ ሰው በክረምታቸው 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ነው፤ ኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ላይ ሰዓታቸውን ሲለውጡ እኛ የለወጥነው ነገር የለም። የዱባይዋ እኅት እኛን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የዋሽንግተኑ ወንድማችን ጠዋት ቡናውን ይዞ ነው የሚያየው፤ ያውም በፈረንጅ ሰዓት አሥር ላይ። እንግዲህ አንድ ሰው ግሩፕ ላይ «ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ዋሽንግተን «አሥር» ብሎ ይመልሳል፣ የጎንደሩ ልጅ አሥር ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ቡና አዝዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈረስ እሽቅድምድም ያያል። ከዚያ በኋላ ለዋሽንግተን የጻፈው ነገር ስድብ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የቅጣት ማቅለያ ይያዝለት። «የአዲስ አበባ ሰዓት» የሚሉት ሦስት ቃላትና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚሉት ምልክቶች ከማንኛውም ባን በላይ ክስ ይቀንሱልዎታል።

ዕድሜም አለ። በግሩፕ ውስጥ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው፤ ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የሄንሪ ፎቶ ስለሆነ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ አይታይም። አንድ ጎረምሳ «አንተ ጀማሪ፣ ስለ አርሴ ምን ታውቃለህ» ብሎ የጻፈላቸው ሰው፣ ማይክል ቶማስ በ1989 አንፊልድ ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ አግብቶ ዋንጫ ሲያመጣ ባለ ትዳር የነበሩ ጡረተኛ ሆነው ይገኛሉ። እሳቸውም በድምፅ መልእክት «ስማ ልጄ፣ ያኔ አንተ አይደለህም አባትህም…» ብለው ይጀምሩና ዘጠኝ ደቂቃ ይናገራሉ። ፍርዱ ቀላል ነው። ልጁ «ይቅርታ ጋሼ» ይበል፣ ጋሼም የልጁን አባት ይተዉለት። ግን ይጠንቀቁ፤ ጋሼ ስለተባሉ ብቻ የድምፅ መልእክት ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ የሚል ሕግ ካለዎት አይላላላቸውም። ይህን ሲነግሯቸው ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው ይጻፉ፣ አክብሮትዎ ያኔ ከጽሑፉ ላይ ይታወቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለማያውቋቸው ሰዎች ስለሆነ ቀላል ነበር። አሁን ስለ ጓደኛዎ።

ጓደኛዎ ግሩፑ ውስጥ አለ። ወደ ግሩፑ ያስገባዎትም እሱ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ ልጅ እናት መጻፍ የማይገባውን ጽፏል፤ ሦስት መቶ ሰው አይቶታል። እርስዎ በኢንቦክስ ይሄዳሉ።

«ወንድሜ፣ ያንን ነገር አየሁት።»

«የቱን?»

«ስለ ልጁ እናት የጻፍከውን።»

«ኧረ ተው! ቀልድ ነው እኮ። ደግሞ እሱ ነው የጀመረው።»

«ሕጉ አንድ ሳምንት ይላል።»

«እኔን? እኔን ነው የምታግደው? እሺ፣ አግደኝ። ቅዳሜ ቦታ የሚይዝልህን አያለሁ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ይሞላል፣ የዘገየ ሰው በበሩ ክፍተት የግማሽ ሜዳ ጨዋታ ያያል። ጓደኛዎ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ገብቶ ከፊተኛው ረድፍ በጃኬቱ ቦታ ይይዝልዎታል። ይህ በየትኛውም አገር ሕግ ጉቦ ተብሎ አልተጻፈም፤ ከጉቦ የሚለየው ግን ጉቦ እንዲህ የማያጓጓ በመሆኑ ብቻ ነው። ብዙ አድሚን እዚህ ሲደርስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይደበድባል፤ ለጓደኛው «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ይልና፣ ያው ቀን ማታ ግማሹን ያህል እንኳ ያልተናገረ አዲስ አባል ያባርራል። አዲሱ አባል ለምን እንደተባረረ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው አያገኝም፣ የሚጠይቅበትም ቦታ ተዘግቷል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ክስ ሲቀርብ ከማንበብዎ በፊት የጸሐፊውን ስም በአውራ ጣትዎ ይሸፍኑ። የምሬን ነው፤ ስልኩን ይያዙና ስሙ ላይ ጣትዎን ይጫኑ፣ መልእክቱን ብቻ ያንብቡ፣ ቅጣቱን በቃልዎ ይናገሩ፣ ከዚያ ጣትዎን ያንሡ። ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ቦታዎን ራስዎ ይያዙ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምረው እዚያ የሚቀመጡ ከሆነ ለፍትሕ የከፈሉት ዋጋ አንድ ማኪያቶ ነው።

ከጓደኛም የሚብስ አለ። በግሩፑ ውስጥ ጨዋታውን እንደ እሱ አድርጎ የሚተነትን የሌለ፣ የማዕዘን ምት አሰላለፉን በሥዕል አስደግፎ የሚያስረዳ፣ ሰዎች እሱን ለማንበብ ብለው የሚገቡለት አባል ይኖርዎታል። ይህ ሰው የመስመር ዳኛው ባንዲራ ባነሳ ቁጥር የሚያወጣው ቃል ደግሞ ለጆሮ የሚከብድ ነው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እንደማንኛውም ሰው ሳምንቱን ይስጡት። ትንታኔው ይናፈቃል፣ እሱም መናፈቁን ሰምቶ ይመለሳል፤ ሳይቀጡት ካለፉ ግን ትንታኔ የማይችሉ አምሳ ሰዎች ስድቡን ብቻ ይቀዱበታል።

ስለ ሽንፈት ሌሊት ብዙ የሚባል አለ። የ2023/24 የመጨረሻ ቀን አርሴናል በ89 ነጥብ፣ ሲቲ በ91 ሲጨርሱ በየግሩፑ የሆነውን ያስታውሱ። በእንዲህ ያለ ሌሊት አድሚኑም ተሸንፏል። እራቱን አልበላም። አንዱ የሲቲ ደጋፊ የሚስቅ ስቲከር ሲልክ አውራ ጣቱ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ማንንም አያስወጡ። ብሔርና ቤተሰብ የነካውን ብቻ ያጥፉ፣ ሌላውን ነገ ያዩታል። ይልቅ መልእክት ማዘግየቻውን ያብሩት፤ ቴሌግራም አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ድጋሚ እስኪጽፍ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እንዲያስጠብቁት ይፈቅድልዎታል። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሰው በደቂቃ አንዴ ብቻ መጻፍ ከቻለ ስድቡን ከማባከኑ በፊት ያስብበታል፤ አንዳንዱ ሲያስብ ቆይቶ ትንታኔ ይወጣዋል።

«አርቴታ ይውጣ!» ጥፋት አይደለም። በየሳምንቱ ቢባልም፣ በትልልቅ ፊደል ቢባልም፣ ሰውየው ባለፈው ሳምንት ሐውልት ይሠራለት ካለ በኋላ ቢባልም አይደለም። «አፍራሽ አስተሳሰብ» እያሉ ይህን የሚያጠፉ አድሚኖች አሉ፤ እኔ በበኩሌ ክለቡ ደመወዝ የሚከፍላቸው ይመስለኛል። አርሴን ቬንገር ከ1996 እስከ 2018 ሲቆዩ በመጨረሻዎቹ ዓመታት «ይውጡ» ያለው ሕዝብ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ እንባ የሚቀድመው ያው ሕዝብ ነው። ያኔ የተጻፈውን ስክሪንሾት እያወጡ ሰው አያሸማቅቁ። ይርጋ ይኑር። በኦክቶበር 2004 ከ49 ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያውን ሽንፈት ላመጣው፣ ሩኒ ወድቆ ላስገኘው ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ይርጋ የለውም፤ እሱ ክርክር እስከ ልጅ ልጅ ይቀጥላል፣ እርስዎም ጣልቃ አይግቡ።

አሁን ደግሞ ጣፋጩ ይመጣል። አንድ ሰው «አድሚንዬ፣ እንዴት አመሸህ» ብሎ በኢንቦክስ ይገባል። ውጤቱ ቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ አለኝ፣ ፒን ካደረግክልኝ እንካፈላለን ይላል። አሠራሩ የረቀቀ አይደለም፤ ለአንዱ ወገን ያሸንፋል፣ ለሌላው ይሸነፋል፣ ለሦስተኛው አቻ ይወጣሉ ብሎ ይልክና፣ በማግሥቱ ልክ ለሆነለት ወገን ብቻ ተመልሶ ሁለተኛውን ትንቢት በገንዘብ ይሸጣል። የጨዋታ ውጤት በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ትኬት ቆርጦ ይበለጽጋል እንጂ በጥቂት መቶ ብር ከእርስዎ ጋር ደጅ አይጠናም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተብሏል፤ ተረቱ የወጣው ግን ስክሪንሾት ከመምጣቱ በፊት ነው። የማሊያ ሻጭን ማስታወቂያ በክፍያ መለጠፍ ከፈለጉ ይለጥፉ፣ ክፍያ መሆኑን ብቻ ከላዩ ይጻፉ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ለአፍታ አስቀምጣለሁ። ስለ አንድ ተከላካይ ስህተት የተጀመረ ንግግር በአምስተኛው መልእክት ከጸሐፊው ስም ተነሥቶ «ድሮም እናንተ» ወደሚል ስድብ ሲደርስ አይቻለሁ። ይህን አያመዛዝኑ፣ ሕዝብ አያስመርጡበት፣ ማን እንደጀመረ እስኪጣራ ቆሞ እንዲታይ አይተዉት። መጀመሪያ ያጥፉ፣ ከዚያ ያጣሩ፤ የጀመረውም የመለሰውም እኩል ይታገድ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰት መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለአርሴናል ደጋፊ የተለየ አንቀጽ የለውም፤ ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተም ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻ ሲሰራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። ያም ባይኖር፣ እዚያ የተጻፈውን በእልህ የሚያነብ ልጅ በአካል የሚኖርበት ሰፈር አለው።

ቀልዴን አንሥቻለሁ። ከአድሚኖች የውስጥ ግሩፕ ወሬ ሲያፈተልክ አንዳንድ ባለቤቶች ግሩፑን ዘግተው «ያወጣው ሰው እስኪታወቅ ማንም አይጽፍም» ይላሉ። ይህ የጥንቱ አፈርሳታ ነው። በአፈርሳታ ግን መንደርተኛው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለከል ነበር። የእርስዎ መንደርተኛ ስልኩ ላይ አሥራ አምስት ሌላ ግሩፕ አለው። አፈርሳታው ላይ የሚቀሩት እርስዎና ጋሼ ብቻ ናችሁ።

ይግባኝ የሚሰማበት መንገድ ያብጁ፤ ያለዚያ የሠሩት ሁሉ የግል ቂም ይመስላል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ቶተንሃምና ሊቨርፑል ሲጫወቱ የሉዊስ ዲያዝ ጎል የሆነችው አይዘነጋም። የመስመር ዳኛው ከጨዋታ ውጭ ብሎ ሽሯታል፤ የቫሩ ዳኛ ግን ሜዳ ላይ የጸደቀች መስሎት «አይተን ጨርሰናል» አለ። ስህተቱ በሰከንዶች ውስጥ ታወቀው፣ ግን ጨዋታው ስለቀጠለ ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም፤ ሊቨርፑል 2ለ1 ተሸነፈ። ዳኞቹን የሚያስተዳድረው አካል በኋላ ስህተቱን አምኖ የተነጋገሩበትን ድምፅ ለሕዝብ ለቀቀ። እርስዎ ከዚያ ዳኛ የተሻለ ዕድል አለዎት። የእርስዎ ጨዋታ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያባረሩትን መመለስ፣ የተመለሰበትንም ምክንያት በሁለት መስመር መጻፍ ይችላሉ። አንድ ገደብ ብቻ አለ። ያጠፉትን መልእክት ቴሌግራም በአድሚኖች የድርጊት መዝገብ ውስጥ የሚያቆይልዎት ለ48 ሰዓት ነው። በሦስተኛው ቀን የመጣ ይግባኝ ማስረጃ የለውም፣ «አላልኩም» እና «ብለሃል» ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ውሳኔውን ባልሰጠ ሌላ አድሚን ይታይ። ሌላው አድሚን የማይስማማዎት ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ስምዎን ደብቀው በግሩፑ ስም የመጻፍ ምርጫም ተሰጥቶዎታል። ዛቻ ካለ ይጠቀሙበት፣ ግን ውሳኔው ሥር ቢያንስ አንድ ፊደል ይተዉ፤ ከሳሽ የትኛው አድሚን እንደፈረደበት ካላወቀ ሁላችሁንም ይረግማል። በስምዎ ጎን የሚጻፈውን ማዕረግም በ16 ፊደል ውስጥ የፈለጉትን ማድረግ ይችላሉ። «ዋና ዳኛ» የሚለውን አይምረጡ። ተይዟል።

ሹመቱ የመረረዎት ዕለት ደግሞ ይመጣል። የሚመጣውም በሽንፈት ሌሊት ነው፤ ባለቤቱ በጊዜው አገር ጥሎ ሄዶ ግሩፑን በእርስዎ ስም አዙሮታል፣ እርስዎም በተራዎ ለማንም አስረክበው ስልኩን አጥፍተው መተኛት ያምርዎታል። አይሆንም። ቴሌግራም የግሩፕ ባለቤትነትን የሚያስተላልፈው የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካበሩ ቢያንስ ሰባት ቀን ካለፈ ነው። በንዴት መልቀቅ የሚፈልግ ሰው ንዴቱን ከሳምንት በፊት ማቀድ አለበት ማለት ነው። ዛሬውኑ ያብሩት። የፊታችን ቅዳሜ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ ከማንቼ ጋር ነን።